አንድ ሞት፣ አምስት መልስ፦ የሕግ ተማሪ በወንጀል ሕግ ትምህርት ምን ይማራል?

በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፋ ሲባል የመንደሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ገደለው?» የሚል ነው። መልሱ ከተገኘ ለብዙው ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በዩኒቨርሲቲ የወንጀል ሕግ መማር የጀመረ ተማሪ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ ገና ከጅምሩ ይነገረዋል። ሟቹ እንዴት ሞተ? ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ምን አስቦ ነበር? አስቀድሞ አቅዶ ነው ወይስ በድንገት በተነሣ ጠብ? ራሱን ሲከላከል ነው ወይስ በቸልተኝነት? ወይስ ማንም ሊገምተው በማይችል አደጋ? የሞተው ሰው አንድ ነው፤ የቤተሰቡም ሐዘን አንድ ነው። የሕጉ መልስ ግን አንድ አይደለም።

በየዓመቱ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይልካሉ። ልጁ ወይም ልጅቱ እዚያ ምን እንደሚማሩ ሲጠየቁ «አንቀጽ ይሸመድዳሉ» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ነው። በሌላ በኩል አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ከወንጀል ሕግ ጋር የሚገናኙት በመማሪያ ክፍል ውስጥ አይደለም። በድንበር ግፊ፣ በመስኖ ውኃ ተራ፣ በግጦሽ መሬት፣ በሠርግና በበዓል ላይ በሚነሣ ጠብ፣ አንዳንዴም በሌሊት በር በሚያንኳኳ ፖሊስ ነው። ተማሪው በዓመታት የሚማረውን ጥቂቱን እንኳ ማወቅ ለተበዳይም ለተጠርጣሪም፣ ለምስክርም ለሽማግሌም ይጠቅማል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥቂት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

አምስቱ መልሶች

የሕግ መምህራን ትምህርቱን የሚያስረዱት ብዙ ጊዜ በምናብ በተፈጠረ ጉዳይ ነው። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ «ሀ» እና «ለ» ይባላሉ። እኛም በአንድ የመስኖ ቦይ ግራና ቀኝ የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ። የሁለቱ ጠብ በ«ለ» ሞት ተጠናቀቀ እንበል። በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ሞት ከአምስት በአንዱ መንገድ ሊመለከተው ይችላል።

አንደኛ፤ «ሀ» ቂም ይዞ፣ ጠመንጃ አዘጋጅቶ፣ «ለ» ከገበያ የሚመለስበትን መንገድ አጥንቶ፣ አድፍጦ ቢገድለው ጉዳዩ በአንቀጽ 539 ሥር ይታያል። ይህ ከባድ የግፍ አገዳደል የሚባለው ነው። አስቀድሞ በማቀዱ፣ በተነሣሣበት ምክንያት፣ በመሣሪያው ወይም በዘዴው የተለየ ጨካኝነቱን ወይም አደገኛነቱን ያሳየ ሰው የሚቀጣው በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ነው።

ሁለተኛ፤ በውኃ ተራ ተጣልተው «ሀ» በያዘው መጥረቢያ የ«ለ»ን ራስ ቢመታና ቢገድለው፣ መግደሉን ከፈለገ ወይም ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከመታ፣ ሆኖም የከባዱ አገዳደል ሁኔታዎች ካልተሟሉ፣ አንቀጽ 540 ተፈጻሚ ይሆናል። ቅጣቱ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ሦስተኛ፤ ማጭድ አንሥቶ የቀደመው «ለ» ቢሆንና «ሀ» ራሱን ሲከላከል ከሚያስፈልገው በላይ ሄዶ ቢገድለው ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 541 ያመራል። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ነው።

አራተኛ፤ ጠብ ባይኖርም «ሀ» በመንገድ ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ አላፊ አግዳሚውን ሳይመለከትና ሳያስጠነቅቅ ዛፉ በ«ለ» ላይ ወድቆ ቢገድለው ይህ በቸልተኝነት የተፈጸመ ግድያ ነው። አንቀጽ 543 ለመደበኛው ሁኔታ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ይደነግጋል። ኃላፊነቱ ከበድ ላለ ሰው ወይም ጥፋቱ ለከፋ ሁኔታ ቅጣቱ ከፍ ይላል።

አምስተኛ፤ «ሀ» መንገዱን ዘግቶ፣ ሰው አቁሞ፣ ጥንቃቄውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ማንም ሊገምተው በማይችል ምክንያት አደጋ ቢደርስ፣ ወይም ሌላ ማምለጫ በሌለው ጥቃት ላይ ሆኖ በተመጣጠነ መንገድ ሕይወቱን ቢከላከል፣ ሕጉ አይቀጣውም። ሰው ሞቷል፤ ወንጀለኛ ግን የለም።

ከዕድሜ ልክ እስራትና ከሞት ቅጣት አንሥቶ ነጻ እስከ መለቀቅ የሚደርሰውን ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የሟቹ ማንነት ወይም የሐዘኑ ክብደት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የአድራጊው ሐሳብና በዚያች ቅጽበት የነበረው ሁኔታ ነው። የወንጀል ሕግ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚሠለጥነው ይህን ልዩነት ለይቶ እንዲያይ ነው።

ዘር፣ አፈርና እርጥበት

የግብርና ትምህርት የተማረ ሰው አንድ ዘር እንዲበቅል ጥሩ ዘር፣ ተስማሚ አፈርና በቂ እርጥበት አብረው መገኘት እንዳለባቸው ያውቃል። አንዱ ከጎደለ ቡቃያ የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23ም ተመሳሳይ ነገር ይላል። አንድ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ ብቻ ነው።

ሕጋዊው ፍሬ ነገር ድርጊቱ አስቀድሞ በሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ መሆኑ ነው። ፍርድ ቤት በሕግ ወንጀል ያልተባለን ነገር «ከሌላው ወንጀል ጋር ይመሳሰላል» ብሎ ሊቀጣ አይችልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ደግሞ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ወንጀል ካልነበረ ማንም ሰው በኋላ በወጣ ሕግ እንደማይቀጣ ይደነግጋል። የመንደር ስምምነት ወይም የዕድር መተዳደሪያ ደንብ አባሉን ሊመክር፣ በደንቡ መሠረት መዋጮ ሊያስከፍል ይችል ይሆናል፤ አዲስ ወንጀል መፍጠር ግን አይችልም። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት በበኩሉ ከተጠያቂነት አያድንም። ፍርድ ቤቱ የሰውየውን ቅን ልቦና ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀል መቻሉ ግን የተጠበቀ ነው።

ግዙፋዊው ፍሬ ነገር በዓይን የሚታየው፣ በእጅ የሚዳሰሰው ክፍል ነው። የተደረገ ድርጊት ወይም በሕግ ግዴታ እያለ ሳይደረግ የቀረ ነገር መኖር አለበት፤ ጉዳቱም ከዚያ ድርጊት የመነጨ መሆን ይኖርበታል። ክፉ ሐሳብ በልብ ውስጥ እስካለ ድረስ ኃጢአት ሊሆን ይችላል እንጂ ወንጀል አይደለም። ወንጀል ለመፈጸም መዘጋጀትም ሕጉ ለይቶ ካልደነገገ በቀር በመርሕ ደረጃ አያስቀጣም። ሰውየው ድርጊቱን ወደ መፈጸም ከተሸጋገረ ግን ያሰበው ባይሳካም ሙከራው ያስቀጣል።

ሞራላዊው ፍሬ ነገር የአድራጊው የሐሳብ ክፍል ነው። አውቆና ፈልጎ ነው ያደረገው? ወይስ ማሰብና መጠንቀቅ ሲገባው ቸል ብሎ? አንድ አርሶ አደር ከጎረቤቱ ደጅ ላይ የራሱ የመሰለውን ሞፈር ተሸክሞ ቢሄድና በኋላ የሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ዕቃው ከቦታው መነሣቱ እውነት ነው። በአንቀጽ 665 የተደነገገው ስርቆት ግን የሰውን ንብረት አውቆ፣ ያለአግባብ ለመጠቀም አስቦ መውሰድን ይጠይቃል። በቅን ልቦና የተሳሳተ ሰው ሞፈሩን ይመልሳል፤ ሌባ አይባልም። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊትም የሚያስቀጣው ሕጉ ያንን በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው።

ተማሪው በፈተና ላይ የሚጠየቀው ይህን ነው። ረዘም ያለ ታሪክ ይሰጠዋል፤ ሦስቱን ፍሬ ነገሮች ነጥሎ ያወጣል፤ የጎደለ ካለ የትኛው እንደሆነ ያመለክታል። ምርመራ የሚያጣራ ፖሊስ፣ ክስ የሚመሠርት ዐቃቤ ሕግ፣ ጥብቅና የሚቆም ጠበቃ፣ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ሁሉም በየሥራቸው የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እረኛው ልጅ እሳት ቢለቅስ?

በገጠር ልጆች ገና በትንሽነታቸው ከብት ይጠብቃሉ፤ እሳትም ይጭራሉ። አንድ እረኛ ልጅ የለኮሰው እሳት ክምር ቢያቃጥል ባለ ክምሩ «ልጁ ይታሰር» ማለቱ ይሰማል። ሕጉ ግን ልጆችን በዕድሜ ለይቶ ያያቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ፍርድ ቤት እንደ ሁኔታው የማረሚያና የጥበቃ እርምጃዎችን ይወስናል። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት በመደበኛው ሕግ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን ተመልክቶ ሊያቀልለት ይችላል። ወንጀሉን ሲፈጽም አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው የሞት ቅጣት አይፈረድበትም።

ይህ ማለት የተቃጠለው ክምር ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። የንብረት ካሳ ጥያቄ የራሱ መንገድ አለው፤ እርሱም የፍትሐ ብሔር መንገድ ነው።

ሁሉም በደል ወንጀል አይደለም

ተማሪው ገና በመጀመሪያ የሚማረው ሌላው ነገር በወንጀልና በፍትሐ ብሔር ጉዳይ መካከል ያለውን ወሰን ነው። በቆሎውን በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን በቀጠሮው ያላገኘ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው። ነጋዴው የገባውን ውል ሳይፈጽም ከቀረ ጉዳዩ የውል ጉዳይ ነው፤ መፍትሔውም በፍትሐ ብሔር ክስ ገንዘቡን ማስከፈል ነው። ነጋዴው ከመጀመሪያው ሐሰተኛ ማንነት ወይም ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቦ፣ ላለመክፈል አስቦ፣ ገበሬውን አታሎ እህሉን ከወሰደ ግን የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው እህሉ በተወሰደበት ጊዜ የነበረው ሐሳብና የተደረገው ማታለል ነው።

የማሳ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በሁለት ባለይዞታዎች መካከል ድንበሩ የት ነው የሚለው ክርክር በራሱ ወንጀል አይደለም። የድንበር ምልክትን አውቆ መንቀል ወይም ማዛወር ግን በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ከብት አምልጦ ቡቃያ ቢበላ በአብዛኛው የካሳ ጉዳይ ነው፤ ለመጉዳት አስቦ ከብቱን በሰው ሰብል ላይ የሚለቅ ሰው ግን በወንጀል ይጠየቃል።

ይህን ወሰን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። የወንጀል ያልሆነን ጉዳይ ይዞ ወደ ፖሊስ የሚመላለስ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ያጣል። የግል አቤቱታ የሚጠይቁ ቀላል ወንጀሎችም አሉ። በእነርሱ ላይ ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ አቤቱታውን ካላቀረበ መብቱ ያልፍበታል። «ሽማግሌ ይዞታል» እያሉ ቀኑን ማሳለፍ እዚህ ላይ ይጎዳል።

መከላከልና መበቀል

በገጠሩ ሕይወት ውስጥ ከወንጀል ሕግ ትምህርት ሁሉ የሰውን ሕይወት የሚያድነው ምናልባት ስለ ሕጋዊ መከላከል የሚሰጠው ክፍል ነው። አንቀጽ 78 አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ከጥቃት ሲከላከል እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ይሁንና ጥቃቱ ሕገ ወጥና እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን ይኖርበታል።

ጎተራ ሊሰብር የገባ ሌባ ባለቤቱን በጩቤ ቢያጠቃው ባለቤቱ መከላከል ይችላል። ሌባው ሁሉንም ጥሎ እየሮጠ ሳለ ከኋላው በጥይት መምታት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሕይወት ላይ የነበረው አደጋ አልፏልና። ትናንት የተገደለን ወንድም ደም ለመመለስ ዛሬ የገዳዩን ወንድም ወይም ልጅ መግደል ደግሞ ከመከላከል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የወንጀል ኃላፊነት የየሰው ነው፤ በዘመድ አይተላለፍም። ደም መላሹ በሕግ ፊት ጀግና ወይም ተከላካይ አይደለም፤ አስቦበት የገደለ ሰው ነው። ለማድፈጥና ለማቀድ የወሰደው ጊዜ ራሱ ከላይ ወደ ተጠቀሰው ከባድ ድንጋጌ ሊወስደው ይችላል። ያነሣሣው፣ መሣሪያ ያቀበለው፣ መንገድ ያሳየውም ሰው እንደ ተሳትፎው መጠን ይጠየቃል።

ሽምግልና የት ይገባል?

ዕርቅ በማኅበረሰባችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ደምን የሚያደርቀው፣ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያቀራርበው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። የሕግ ተማሪ ይህን እንዲንቅ አይማርም። የሚማረው ዕርቁ በሕግ ፊት ምን ውጤት እንዳለው ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ቀላል ጉዳዮች የተበዳዩ ፈቃድ ወሳኝ ነው። ግድያን በመሰለ ከባድ ወንጀል ግን ከሳሹ የሟች ቤተሰብ ሳይሆን ሕዝብን ወክሎ የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቤተሰቦች ቢታረቁም ክሱ ይቀጥላል።

ዕርቁ ግን ከንቱ አይሆንም። አንቀጽ 82 ከልብ የተጸጸተ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ እጁን ለሕግ የሰጠ፣ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይደነግጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕርቅ ቀጣዩን ግድያ ያስቀራል። ተጎጂው ወይም ወራሾቹ ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳላቸውም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ያስታውሳል።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ለዘመናት ዳኞችና ሊቃውንት የሚጠቅሱት ፍትሐ ነገሥትን ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። አሁን የምንጠቀምበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እርሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ዘመናዊው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከነበሩት መምህራን ብዙዎቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍም አልነበረም ማለት ይቻላል። ፊሊፕ ግራቨንና ስቲቨን ሎወንስታይን ለወንጀል ሕግ፣ ስታንሊ ፊሸር ለወንጀል ሥነ ሥርዓት ያዘጋጇቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የተማሪዎች መማሪያ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ በበርካታ የክልል ከተሞች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ይሰጣል። የአርሶ አደር ልጅ የሕግ ባለሙያ ለመሆን የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም።

በክፍል ውስጥና ከክፍል ውጭ

የመጀመሪያ ዲግሪ የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ይወስዳል። የወንጀል ሕግ ለብቻው አንድ ትምህርት አይደለም። በመጀመሪያ ጠቅላላው ክፍል ይመጣል፤ ወንጀል ምን እንደሆነ፣ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ቅጣት እንዴት እንደሚወሰን። ቀጥሎ ግድያ፣ ስርቆት፣ ማታለል፣ አስገድዶ መድፈር፣ ሙስና እየተባለ በየወንጀሉ ይጠናል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ከምርመራ እስከ ይግባኝ ያለውን አካሄድ ያስተምራል። የማስረጃ ሕግ ደግሞ ምን ዓይነት ማስረጃ እንዴት እንደሚቀርብና እንደሚመዘን ያሳያል።

ተማሪዎች የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ያነባሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በሕግ ስለተደነገገ፣ አንቀጹን ብቻ አንብቦ ትርጓሜውን የማያውቅ የሕግ ባለሙያ ግማሽ ባለሙያ ነው። በምስለ ችሎት አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላው ተከላካይ ጠበቃ፣ ሦስተኛው ዳኛ ሆነው ይከራከራሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ፍርድ ቤቶችና ወደ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤቶች ተልከው እውነተኛ መዝገብ ያያሉ። ለመመረቅም የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

ትምህርቱ ፈተናም አለበት። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተመራቂው ግን በአማራ ክልል ሲመደብ ምስክር የሚጠይቀው፣ ክስ የሚጽፈው፣ ፍርድ የሚያነበው በአማርኛ ነው። የሕጉ አማርኛና እንግሊዝኛ ቅጂዎች ሲለያዩ ደግሞ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። በመሆኑም ጎበዝ ተማሪ ሁለቱንም ቅጂዎች ጎን ለጎን ያነባል። ልጃቸውን ለሕግ ትምህርት የሚያዘጋጁ ወላጆች እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ንባቡንና ጽሕፈቱንም እንዲያጠናክር ቢያበረታቱት ይጠቅመዋል።

ሦስት ቃላት፣ ሦስት ደረጃዎች

በመንደር ወሬ አንድ ሰው በፖሊስ ተይዞ ከሄደ «ወንጀለኛው» ይባላል። በሕግ ትምህርት ቤት ይህን ቃል ያለቦታው የተጠቀመ ተማሪ ይታረማል። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ፍርድ ቤት ማስረጃውን መዝኖ ጥፋተኛ ካለውና ቅጣት ከወሰነበት በኋላ ነው ፍርደኛ የሚባለው። ከዚያ በፊት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጠራል። ጥፋተኛነቱን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው፤ ንጹሕነቱን ማስረዳት የእርሱ ግዴታ አይደለም።

የተያዘ ሰው መብቶችን የሚዘረዝረው አንቀጽ 19 ለማንኛውም ዜጋ ቢታወስ የሚበጅ ነው። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም። በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር በዋስ የመፈታት መብት አለው። ከተከሰሰ በኋላም በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው፤ ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

እነዚህ መብቶች ለጥፋተኞች መሸሸጊያ የተሠሩ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን በሐሰት የተጠቆመ፣ ስሙ ከሌላ ሰው ጋር የተመሳሰለ፣ ጠብ በነበረበት ቦታ በመገኘቱ ብቻ የተያዘ ሰው የሚድነው በእነዚሁ ድንጋጌዎች ነው። ነገ ማን እንደሚያዝ ዛሬ አይታወቅም።

ለአንባቢ የሚቀረው

የማስረጃ ሕግን የተማረ ሰው አንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በተሠራው ሥራ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ወንጀል ሲፈጸም ቦታውን አለመረጋገጥ፣ ዕቃ ከቦታው አለማንሣት፣ የተጎዳ ሰው ካለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ወስዶ የሕክምና ማስረጃ እንዲያዝለት ማድረግ፣ ተገድዳ የተደፈረች ሴት ልብሷ ሳይታጠብ ፈጥና ሕክምና እንድታገኝ መርዳት፣ ያዩ ሰዎችን ስም መያዝ ይገባል። ምስክርም ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት። «ሁሉም ሰው ያውቃል» የሚባል ምስክርነት በችሎት ፊት ክብደት የለውም።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት መሄድ ይችላል። ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል ናቸው። በማዕከላቱ ምክር ይሰጣል፤ አቤቱታ ይጻፋል። ለተማሪው ደግሞ በክፍል የተማረው «ሀ» እና «ለ» ሥጋና ደም ለብሰው የሚያገኛቸው እዚያ ነው።

የሕግ ተማሪ የሆነ ልጅ ያለው ቤተሰብም ሌላ ዕድል አለው። ልጁ ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመጣ ከቡናው ጋር «መከላከል እስከ ምን ድረስ ነው? የተያዘ ሰው ምን መብት አለው? ከብታችን የሰው ማሳ ቢገባ ምን እንሆናለን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልጁ መልሱን ሲያስረዳ ትምህርቱ ይጠነክርለታል፤ ሰሚውም ከፖሊስ ጣቢያ ወይም ከችሎት በፊት ሕጉን ያውቃል። በውኃ ተራ ላይ መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት የተነገረ አንድ አንቀጽ፣ ከተነሣ በኋላ ከሚጠቀስ መቶ አንቀጽ ይበልጣል።